ጉም፣ ጭጋግና ቆባር፤ የባሕር ጠረፍ ጉም በአማርኛ ሲበየን

የባሕር ጠረፍ ጉም በአማርኛ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ባንድነት ይበላሻሉ፤ ስያሜውና ምክንያቱ። በመልክዐ ምድር ማስተማሪያዎች፣ ከውጭ ቋንቋ በሚመለሱ የጉዞ ጽሑፎችና በዜና ትርጉሞች ውስጥ ጠረፉን ሸፍኖ የሚውለው ነጭ መጋረጃ አንድ ጊዜ ጉም፣ ቀጥሎ ጭጋግ፣ ከዚያም የባሕር እንፋሎት ይባላል። አፈጣጠሩም ፀሐይ ባሕሩን ስታሞቀው የሚወጣ ትነት ነው ተብሎ በአጭሩ ይዘጋል። ማብራሪያው ለጆሮ አይከብድም፤ እውነቱ ግን ከሞላ ጎደል የዚህ ተቃራኒ ነው። በጠረፍ ላይ የሚታየው ጉም በአመዛኙ የሙቀት ሳይሆን የቅዝቃዜ ልጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚተቸው የቃላቱ አጠቃቀም ነው፤ ሆኖም ትችቱ በቃላቱ ላይ ብቻ ሊወሰን አልቻለም፤ የስያሜው መላላት የሐሳቡን መላላት አስከትሏልና።

በመጀመሪያ ስለ አፈታት። ጉምን በጭጋግ፣ ጭጋግን በጉም መፍታት በመዝገበ ቃላት ሥራችን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። በተመሳሳይ ቃል መፍታት ለዕለት ንግግር ይበቃ ይሆናል። አንባቢው ሁለቱንም ቃላት ከእናቱ አፍ ስለ ሰማቸው መዝገበ ቃላቱ አላስተማረውም ብሎ አይከስም። ለሙያ ቃል ግን ይህ ዓይነቱ አፈታት አፈታት አይደለም፤ ክብ መንገድ ነው፤ ተጓዡን ከተነሣበት ይመልሰዋል። የቀደሙት ሊቃውንት፣ በተለይም በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራ፣ ቃልን ከሥሩ ለመፍታት ያደረጉት ጥረት ታላቅ ነው። ጉምን ከግእዙ ጊሜ ጋር የሚያገናኘውን ዘር ለሚከታተል ተማሪ መንገዱን የጠረጉት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የቃል ዘር ማወቅ የነገሩን ልክ ማወቅ አይደለም። ጉም የት ላይ ያበቃል፣ ጭጋግስ ከየት ይጀምራል ለሚለው ጥያቄ ሥርወ ቃል መልስ አይሰጥም፤ መልስ እንዲሰጥም አይጠበቅበትም።

መልሱን የሚሰጠው መለኪያ ነው። በዓለም አቀፍ የአየር ጠባይ ጥናት ስምምነት መሠረት፣ በአየር ላይ በተንሳፈፉ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ምክንያት የዓይን ዕይታ ከ1,000 ሜትር በታች ሲያጥር እንግሊዞች «ፎግ» የሚሉት ነው። ጠብታዎቹ ኖረው ዕይታው 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ሚስት» ነው። ዕይታውን የጋረደው ውሃ ሳይሆን ደረቅ ብናኝ፣ አቧራ ወይም ጭስ ከሆነ ደግሞ «ሄዝ» ይባላል። በአውሮፕላን ማረፊያዎች በየሰዓቱ የሚተላለፈው የአየር ጠባይ መግለጫ ለሦስቱ ሦስት የተለያዩ ምሕጻረ ቃላት አሉት፤ ለመካከለኛው የተሰጠው «ብሩም» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የተወሰደ ነው። አብራሪው ምሕጻሩን አንብቦ ያርፋል ወይም አያርፍም። ሦስቱን ባንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ይህን መግለጫ ሊተረጉም አይችልም ማለት ነው፤ ይህም የቅንጦት ጉድለት አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛ ድኻ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ሦስቱም ቃላት በእጃችን ናቸው። ጉምና ጭጋግ በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ ፍጹም አንድ ሆነው አያውቁም። ጉም ሰውን ይውጣል፤ በጉም ውስጥ ከብት ይጠፋል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ደጅ ይሳሳታል። ጭጋግ ግን ቀኑን ያጠይመዋል፤ ሰማዩን ያወርደዋል፤ «ቀኑ ጨገገ» ሲባል አገሩ ከዓይን ጠፋ ማለት አይደለም። ፊቱ የጠቆረ ሰው ጭጋግ ለበሰ ይባላል እንጂ ጉም ዋጠው አይባልም። ስለዚህ ጉምን ከ1,000 ሜትር በታች ለሆነው፣ ጭጋግን ከዚያ በላይ ለሆነው መወሰን ለቃላቱ ያልነበራቸውን ትርጉም መጫን አይደለም፤ የነበራቸውን ልዩነት በቁጥር ማጥራት ነው።

ሦስተኛው ቃል ቆባር ነው፤ የዚህ ቃል ነገር ጥቂት ያሳዝናል። ቆባር በቆላና በደረቅ ወራት አድማሱን የሚያደበዝዘው፣ እርጥበት የሌለው፣ ተራራውን እንደ ጥላ የሚያስመስለው ደረቅ ግርዶሽ ነው። ቃሉ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በውጭ አገር የአየር ጠባይ መዛግብተ ቃላት ውስጥ እስከ መመዝገብ ደርሷል። በአገሩ ግን ተርጓሚዎቻችን «ሄዝ» የሚል ባጋጠማቸው ቁጥር «ቀላል ጭጋግ»፣ «ደረቅ ጉም»፣ «ጭጋግ መሰል ብናኝ» እያሉ ይቸገራሉ። ደረቅ ጉም የሚለው ሐረግ ደረቅ ዝናብ እንደማለት ነው። ሌሎች ከእኛ የተዋሱትን ቃል እኛ በሐረግ የምንተካበት ምክንያት ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሊገባው አልቻለም።

ወደ አፈጣጠሩ እንለፍ። አየር በውስጡ የማይታይ የውሃ ትነት ይይዛል፤ የሚይዘውም መጠን በሙቀቱ ልክ የተወሰነ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሲሞላ 17 ግራም ያህል ትነት ይይዛል፤ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መያዝ የሚችለው ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። ትርፉ የግድ መውጣት አለበት፤ ሲወጣም ጠብታ ይሆናል። አየሩ ሞልቶ መትረፍ የሚጀምርበት የሙቀት ልክ የጤዛ ነጥብ ይባላል። እንግዲህ ጉም የሚፈጠረው አየር ወደ ጤዛ ነጥቡ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ትነት ተጨምሮበት የጤዛ ነጥቡ ወደ ሙቀቱ ሲጠጋ ነው። መንገዶቹ እነዚህ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የጉም ዓይነቶች ሁሉ የእነዚህ ዝርዝር ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው «የባሕር እንፋሎት» የሚለው አጠራር ለምን እንደማይስማማ ነው። እንፋሎት በአማርኛ ከፈላ ውሃ የሚወጣውን፣ ትኩስና ሰው የሚያቃጥለውን ያመለክታል። ጉም ትኩስ አይደለም፤ ትነትም አይደለም፤ ትነት አይታይምና። የሚታየው ውሃ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ከሚሊሜትር መቶኛ እምብዛም የማይበልጥ፣ ለመውደቅ እጅግ የቀለለ ውሃ። በአንድ ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ቢሰበሰብ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም አይሞላም። ያቺ ግማሽ ግራም ግን ቁጥር ስፍር በሌላቸው ጠብታዎች ስለ ተከፋፈለች መርከብን ከወደብ ትሰውራለች።

ጠብታ ደግሞ በባዶ ቦታ አይጠነሰስም፤ የሚይዘው ቅንጣት ይሻል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኤትከን ይህን እ.ኤ.አ. በ1880 በሙከራ አሳይቷል። በጠረፍ ላይ ቅንጣቱን በብዛት የሚያቀርበው ማዕበሉ ራሱ ነው። ሞገድ ሲሰበር በአረፋው ውስጥ ያሉት አበጦች ይፈነዳሉ፤ ከፍንዳታው የሚረጩት ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ሲደርቁ የጨው ቅንጣት ይቀራል። ጨው ውሃ ወዳድ ነው፤ አየሩ ገና ሳይሞላ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ሦስት አራተኛ ያህል ሲደርስ ትነት እየሳበ መርጠብ ይጀምራል። ማዕበል ኀይለኛ በሆነበት ቀን ከገደል ሥር ተጠግቶ የሚታየው ነጣ ያለ ግርዶሽ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ይህንንም ጉም ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ ከቀዘቀዘ አየር የመጣ አይደለም፤ ጠረፉን ትቶም ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። የማዕበል ፍንጣቂ ቢባል ይበቃል፤ ደርቆ በአየር ላይ ሲቀር ደግሞ የጨው ቆባር ማለት ይቻላል። ጸሐፊዎቻችን ግን ሁለቱን ከጉም ሳይለዩ በአንድ አንቀጽ ሲደባልቁ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት። ባሕሩ ስለሞቀ ጉም ይወጣል የሚለው ማብራሪያ እውነት ቢሆን ኖሮ ከዓለም ባሕሮች ሁሉ የምጽዋ ጠረፍ በጉም የታወቀ በሆነ ነበር፤ ቀይ ባሕር እጅግ ሞቃት ነውና። የባሕር ጉም አገሮች ግን ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍባቸው ናቸው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በበጋቸው ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስና የምድር መዞር ባንድነት የላይኛውን ውሃ ከጠረፉ ያርቁታል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። የውሃው ሙቀት በሐምሌ እንኳ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰፊው ውቅያኖስ እየሞቀና እየረጠበ የመጣ አየር በዚህ ውሃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ነጥቡን ይነካል፤ ጉም ይሆናል። በላዩ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ተጭኖ ሽቅብ እንዳይበተን ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮው ወርቃማ በር ድልድይ ምሰሶዎቹ ብቻ ከጉሙ በላይ ብቅ ብለው የሚታዩበት ሥዕል ከዚህ የመጣ ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች በሐምሌ ካፖርት መልበሳቸውን ሲያወሩ ሰሚው የሚገረመውም ስለዚሁ ነው።

ይህ ማብራሪያ አዲስ አይደለም። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰጠመች በኋላ፣ በ1913 እንግሊዛዊው ጂ. አይ. ቴይለር «ስኮሺያ» በተባለች መርከብ ላይ ሆኖ በኒውፋውንድላንድ ባሕር ጥናት አድርጓል። በሰማይ ላይ በሚንሳፈፍ ወረቀትና ጨርቅ መሣሪያ እየሰቀለ የአየሩን ሙቀት ከፍታ በከፍታ ለካ፤ አየሩ የመጣበትንም መንገድ ወደ ኋላ ተከተለ። ጉሙ ከሞቃት ባሕር ወደ ቀዝቃዛ ባሕር የተሻገረ አየር መሆኑን አረጋገጠ። መቶ ዓመት ያለፈውን እውቀት በአማርኛ ስንጽፍ የምንገለብጠው በምን ምክንያት ነው? በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ምክንያቱ ቃሉ ነው። «የባሕር ጉም» ስንል አገናዛቢው «የ» ጉሙን የባሕሩ ውጤት ያስመስለዋል፤ የወተት አረፋ፣ የእሳት ጭስ እንደምንለው። አንባቢው ከስሙ ተነሥቶ ምክንያቱን ይገምታል፤ ጸሐፊውም እንደዚያው።

ይህን የቃል ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፍ ቢኖር በጉም የጠፋውን ሕይወት ያስብ። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1923 በካሊፎርኒያ ሆንዳ በተባለው ዐለታማ ጠረፍ ሰባት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በጉም ውስጥ በሰዓት 20 የባሕር ማይል እየገሠገሡ ተከታትለው ከዐለቱ ጋር ተላትመዋል፤ 23 መርከበኞች ሞተዋል። ኢትዮጵያ ጠረፍ የሌላት አገር ብትሆንም ባሕረኞች አሏት፤ አብራሪዎችም አሏት። አማርኛ የእነርሱን ሥራ የሚያስተምር ቋንቋ ይሁን ከተባለ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስያሜ ይዞ ሊሆን አይችልም።

ሌሎቹን ጠረፎች በአጭሩ እናልፋለን። በናሚቢያ ቀዝቃዛው የቤንጌላ ባሕር ፍሰት በረሃው ዳር ጉም ያቆማል። ዝናብ በሌለበት በዚያ አሸዋ ላይ ጢንዚዛ ሳይቀር ራሱን ዘቅዝቆ በጀርባው ላይ የተሰበሰበውን የጉም ውሃ ይጠጣል። በዑማን የዶፋር ጠረፍ፣ በሰላላ፣ ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም መባቻ፣ ማለትም ከእኛ ክረምት ጋር ባንድ ወራት፣ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ያወጣል፤ የሚመጣው እርጥብ አየር በላዩ ይቀዘቅዝና ከጠረፉ ጀርባ ያሉትን ተራሮች በጉም ይሞላል። ደረቅ የነበረው ዳገት በሳምንታት ውስጥ ይለመልማል። በቺሌም ቹንጉንጎ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በተራራ አፋፍ ላይ በተዘረጉ መረቦች ከጉም የሚጠጣ ውሃ ታገኝ ነበር። ጉም መጨበጥ በአማርኛ የከንቱ ድካም ምሳሌ ነው፤ ቺሌዎች ግን ጨብጠውታል።

ስለ ገደሉም አንድ ነገር መባል አለበት። በባሕር ዳር ቀጥ ብሎ የቆመውን የዐለት ግንብ ተርጓሚዎች በሙሉ ገደል ይሉታል። ገደል በአማርኛ ከላይ ሆኖ የሚታይ ነገር ነው፤ ሰው ገደል ይገባል፣ ወደ ገደል ይወድቃል። ቋንቋችን የደገኛ ቋንቋ ስለሆነ ተመልካቹን አፋፍ ላይ አቁሞታል። መርከበኛው ግን ያንኑ ነገር ከሥር ወደ ላይ ያየዋል፤ ለእርሱ ገደል ሳይሆን የዐለት ግድግዳ ነው። ይህ የተመልካች ቦታ ጉዳይ ለጉም ብያኔ ዋና ነገር ነው። እርጥብ አየር ከባሕር መጥቶ ግድግዳው ጋር ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከሥር ሳለ ሙቀቱ ከጤዛ ነጥቡ በ2 ዲግሪ ብቻ የሚበልጥ ከሆነ 250 ሜትር ያህል እንደ ወጣ ጠብታ ማውጣት ይጀምራል። አሸዋው ላይ የቆመው ሰው ሽቅብ ሲያይ ደመና ያያል፤ አፋፉ ላይ የቆመው በጉም ውስጥ ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የተመልካቹ እግር ያረፈበት ቦታ ነው። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1802 ለደመናት ስም ሲያወጣ ዝርግ ብሎ በሰየመው ወገን ውስጥ መሬት ላይ የሚሳበውንም ጉም አብሮ ያገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በኬፕ ታውን 1,085 ሜትር ከፍታ ባለው የገበታ ተራራ ላይ የሚነጠፈው «የገበታ ልብስ» ከከተማው ሲታይ ደመና፣ ከተራራው ጫፍ ሲገኙበት ጉም ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ጉም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ከምጽዋ ወደ አስመራ በዳገቱ የወጣ መንገደኛ፣ በሰሜን ተራራ አፋፍ ከብት ያገደ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛም ግሦቹን ያወጣው ከዚህ ነው፤ ጉም ከቆላ ይነሣል፣ ገደል ገደሉን ይወጣል፣ አፋፍ ላይ ይተኛል፣ ረፋድ ላይ ይገፈፋል። እነዚህ ግሦች ለዳገት ጉም እጅግ የተስማሙ ናቸው፤ ከቀዝቃዛ ባሕር ላይ ተነሥቶ ለሚመጣው ግን አይሆኑም። እርሱ አይነሣም፣ አይወጣም፤ ተፈጥሮ ያለቀው በባሕሩ ላይ ነውና በነፋስ ተገፍቶ ወደ የብስ ይገባል። ተርጓሚው «ጉሙ ከባሕሩ ተነሣ» ሲል ሳያውቀው የጣርማ በርን ፊዚክስ በሳን ፍራንሲስኮ ላይ ይጭናል። «ጉሙ ከባሕር ገባ» ቢል ግን ግሡ ብቻውን ግማሹን ማብራሪያ ይሰጥለታል።

ለዓይነቶቹ ስም ማውጣትን በተመለከተ፣ አማርኛ «ወለድ» እና «አመጣሽ» በሚሉት ቃላት የሚያጣምርበት መንገድ ተፈትኖ የቆየ ነው፤ ውሃ ወለድ በሽታ፣ ጊዜ አመጣሽ ነገር እንላለን። በዚህ መሠረት መሬት በጠራ ሌሊት ሙቀቷን ስትለቅ በሸለቆ ለሚፈጠረው ሌሊት ወለድ ጉም፣ በአቀበት ለሚፈጠረው ዳገት ወለድ ጉም፣ እጅግ የቀዘቀዘ አየር በሞቀ ውሃ ላይ ሲያልፍ ለሚታየው ትነት ወለድ ጉም ይባል። የመጨረሻውን «የባሕር ጭስ» ብሎ ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል መመለስ አይገባም፤ የሚቃጠል ነገር የለምና። ባሕሩ ጉም ያወጣል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው በዚህ በአንዱ ዓይነት ብቻ መሆኑንም ልብ ይሏል። ለዋናው የጠረፍ ጉም ግን «ወለድ» አይሆንም። ነፋስ ጉምን አይወልድም፤ እርጥቡን አየር ወደ ቀዝቃዛው ውሃ፣ ጉሙንም ወደ የብስ ያደርሳል እንጂ። ስለዚህ ነፋስ አመጣሽ ጉም የሚለው ይመረጣል። ግእዝን መሠረት አድርገው ጊሜ ባሕር እንበለው የሚሉ ወገኖች ሐሳብ ያምራል፤ ነገር ግን የ«የባሕር ጉም»ን ጉድለት በሌላ ልብስ መልሶ ያመጣዋል።

የጣርማ በር ገበሬ ሁሉንም ጉም ይለዋል፤ ቁጥርና ምድብ ምን አገባው የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ገበሬው እንደ ወትሮው ይበል፤ ማንም አይከለክለውም። የሙያ ቃል ብያኔ የሚያስረው የሙያውን ጸሐፊ ነው። ለመዝገበ ቃላት የሚከተለው አፈታት ይቀርባል። ጉም፦ ከመሬት ወይም ከባሕር ገጽ ጋር የተነካካ፣ ዕይታን ከ1,000 ሜትር በታች የሚያሳጥር የጥቃቅን ውሃ ጠብታዎች ክምችት። ጭጋግ፦ እንደ ጉም ያለ፣ ዕይታን የሚያደበዝዝ ነገር ግን ከ1,000 ሜትር በታች የማያሳጥር። ቆባር፦ ዕይታን የሚያደበዝዝ፣ በአየር የተንሳፈፈ ደረቅ ብናኝ። በሦስቱም ውስጥ «ትነት»ም «እንፋሎት»ም አልገቡም።

የቀረው የየአገሩ መጠሪያ ነው። ስኮትላንዶች ከሰሜን ባሕር በምሥራቅ ነፋስ ለሚገባባቸው ጉም «ሃር» ይላሉ፤ ዑማኖች ወራቱን «ኸሪፍ»፣ ፔሩዎች ከጠረፍ ጉም የሚወርደውን ስስ ካፊያ «ጋሩዋ» ይሉታል። እነዚህ የቦታ ስም ያህል ናቸውና አይተረጎሙ፤ በፊደላችን እንዳሉ ተጽፈው ከጎናቸው ነፋስ አመጣሽ ጉም ወይም ካፊያ የሚል ገላጭ ይታከልላቸው። ኸሪፍን «መጸው» ብሎ የተረጎመ ሰው ዐረብኛውን አልሳተም፤ ነገር ግን በሰላላ ያለ አንባቢ ደጁ በጉም ተሸፍኖ ሳለ የአበባ ወር መጣ ተብሎ ተነግሮታል።